ዓሣ አይገለበጥም

የምጽፈው ስለ ምግብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከመስመር መካከል ሌላ ነገር የሚፈልግ አንባቢ ጊዜውን እንዳያባክን ነው።

ሆንግ ኮንግ፣ ሴንትራል በሚባለው ሰፈር፣ ባንክ ከባንክ ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ሞት 32 የተባለ ስመ ጥር ምግብ ቤት ያለው ከነዚህ ባንኮች በአንደኛው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ገንዘቡ ከላይ፣ በላተኛው ከታች፤ ለሆድ የሚስማማ አቀማመጥ ነው። ሉንግ ኪንግ ሂን ደግሞ በ2009 የሚሽሊን መመሪያ ሦስት ኮከብ ሲያገኝ፣ ከቻይና ምግብ ቤቶች የመጀመሪያው ሆነ። ኮከብ የደረደረ በደንብ እንደሚበላ ግን እዚያ ድረስ ሄጄ የተማርኩት አይደለም።

እኔ በሰው በሰው የተጋበዝኩት ከሁለቱም ውጭ ነው። ጥቁር እንጨት፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፤ አስተናጋጁ ከተመጋቢው አሳምሮ ለብሷል። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ በላዩ የሚሽከረከር መስተዋት አለው። ክብ ስለሆነ ራስም ግርጌም የለውም፣ ሁላችንም እኩል ነን ተባልን። እውነት ነው፣ ማዕዱ ይዞራል። አዲስ ሳህን በመጣ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚቆመው በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው ወንበር ዘንድ ነው። ወንበሩ የተከበረው እንግዳ ነው፤ እሳቸው ካነሱ በኋላ ወደሌላው ይዞራል። ከተጠበሰው ዳክዬ ለእኔ የደረሰኝ አጥንቱ ነው። እኩልነቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓሣው ከገንዳው ወጥቶ፣ ገና እየተንፈራገጠ ለእንግዳው ቀረበ። «ይሄ ይሁን?» ተባሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክክሩ በዚሁ አበቃ፤ ዓሣውም በስብሰባው ላይ ስለተገኘ ቅር የሚለው አይመስለኝም። ብዙም ሳይቆይ በእንፋሎት በስሎ፣ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሶበት፣ የጋለ ዘይት ፈስሶበት ተመለሰ። ጭንቅላቱ ወደ ተከበሩት ሰው ዞረ። ዓሣ ከወዴት በኩል መሽተት እንደሚጀምር የኛ አገር ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን በሰው አገር ነኝና ዝም አልኩ።

የላዩ ሥጋ ሲያልቅ አጠገቤ የነበረ ወጣት ሊገለብጠው ቾፕስቲኩን ሰደደ። ጠረጴዛው ሁሉ ደነገጠ። የአገሬው ካንቶኖች የባሕር ሰዎች ናቸው፤ ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ይገለብጣል ይላሉ። ታዲያ የታችኛው ጎን እንዴት ይበላል? ዘዴ አለው። አከርካሪው ቀስ ተብሎ ይነሳል። አንዴ አከርካሪው ከወጣለት በኋላ መገልበጥ ምን ያደርጋል፣ እንደተኛ ያልቃል።

ሻዩንም ልንገራችሁ። በ18ኛው መቶ ዘመን የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ተራ ልብስ ለብሰው በደቡብ ሲዘዋወሩ፣ ለሎሌዎቻቸው በእጃቸው ሻይ ቀዱ ይባላል። ሎሌዎቹ ቢሰግዱ ምስጢሩ ይወጣል፤ ባይሰግዱ አንገት ይሄዳል። ጣታቸውን አጥፈው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ፤ ስግደት ሆነ። ዛሬ ንጉሥ የለም። ሻይ በተቀዳ ቁጥር ግን ጣት አሁንም ይሰግዳል፤ ለምን ሲባል፣ ልማድ ነው ይሉናል። እኔም በሆዴ እንዲህ አልኩ፦

ቀጂውን አይተው ጣቶች እጅ ነሱ፤
ማዕዱ ሲዞር በምን እጅ ያንሱ?

ማንቆርቆሪያው ሲጎድልም መጣራት ነውር ነው። ክዳኑን ከፈት አድርጎ መተው ይበቃል፤ አስተናጋጁ አይቶ ይሞላዋል። አፉን ከፍቶ ዝም ያለ አይጎድልበትም።

ቻር ሲው የሚባለው ምግባቸው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ለጾመኞች የተዘጋጀውን አመጡልኝ። ቀለሙ ያው፣ አቆራረጡ ያው፣ ስሙም ያው ነው፤ ሲቀመስ ስንዴ ነው። ስንዴው ስሙ ከተለወጠ ወዲያ ሥጋ ሆኖ መቆጠሩ አልገረመኝም። ብዙ ነገር እንዲህ ነው፣ ምግብ ማለቴ ነው።

ሂሳቡ ሲመጣ ግብግብ ሆነ። በእነሱ ዘንድ ለመክፈል መሻማት ክብር ነው፤ ለመታጠብ የተነሳ መስሎ ሹልክ ብሎ የሚከፍልም አለ። የበሉ ሰዎች ለመክፈል ሲጣሉ ማየት ለእኔ ብርቅ ነበር። በመጨረሻ ጋባዣችን አሸነፉና በክሬዲት ካርድ ከፈሉ፤ «ዕዳው ቀስ እያለ ይወርዳል» አሉ ደስ ብሏቸው። ወዴት እንደሚወርድ አልጠየቅኩም። ትንሹ ልጃቸው ግን ደረሰኙን ወስዶ በጣቱ እየቆጠረ ይደምር ጀመር። ሂሳብ ጎበዝ ነው አሉኝ። ደምሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ «እኔ የቱን በላሁ?» አለ። አባቱ ቶሎ ብለው ሻይ ቀዱለት። ልጁ ጠረጴዛውን አልመታም፤ ጣቶቹ እንደገና ከአንድ ጀምረው እየቆጠሩ ነበር።