ምንም ያልተሳለበት ሳህን

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው ሳንቲም ይሰበስባል። እኔ የቻይና ነገሥታትን ሳህን እሰበስባለሁ፤ በስልኬ ውስጥ፣ በፎቶ። አቅም የፈቀደው ይኸው ነው። ያውም ዘንዶና አበባ የተሳለባቸውን አይደለም፤ ባለ አንድ ቀለሞቹን ብቻ።

ባለቤቴ አንድ ምሽት በትከሻዬ በኩል አየችና «ሥዕሉ የታል?» አለች።

«ሥዕል የለውም።»

«ስንት ተሸጠ?»

«37 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር። በ2017 ሆንግ ኮንግ ላይ።»

ዝም አለች። በፎቶው ላይ ያለችው 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ ፈዛዛ ሰማያዊ የብሩሽ ማጠቢያ ናት። «ሩ» የሚባለው የሶንግ ዘመን ሸክላ ወገን ስትሆን፣ ከዚያ ወገን እስካሁን የተረፈው ሁሉ ቢለቀም 100 አይሞላም። ይህን ባብራራላትም ፊቷ አልተፈታም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንዶ ያለበት ሳህን ጉድፉን ከዘንዶው ጀርባ ይደብቃል፤ ባለ አንድ ቀለሙ ግን መሸሸጊያ የለውም። ቀዩማ ጭራሽ አመለኛ ነው። ቀለሙ የሚገኘው ከመዳብ ሲሆን፣ እቶኑ ውስጥ አየር ከበዛ ቅላቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ካላማረለት ይጠቁራል። በሚንግ ዘመን በጂንግዴዠን ከተማ የቤተ መንግሥት እቶኖች ያልተሳካው ዕቃ ገበያ አይወጣም ነበር፤ ተሰባብሮ ይቀበራል። አርኪዮሎጂስቶች ስባሪውን ቆፍረው ሲገጣጥሙት ኖረዋል።

የቢጫው ነገር ሲነሳ ግን ባለቤቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በቺንግ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጡም ውጭውም ቢጫ የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ እናትና የእቴጌይቱ ነው። ከዕቁባቶቹ የላይኛዋ ውጭው ቢጫ፣ ውስጡ ነጭ ይደርሳታል። ከእርሷ በታች ያሉት ቢጫ ላይ አረንጓዴ ዘንዶ፤ እያለ ይወርዳል። ማዕድ ቤት ገብቶ ሳህን ያየ ማን ከማን እንደሚበልጥ ያውቃል።

«ሙሉ ቢጫው የእማዬ ነው» አለች ወዲያው።

«የእኔስ?» ውስጡ ነጩን ተስፋ አድርጌ ነበር።

«አንተ ፕላስቲኩ ይበቃሃል።»

በዚህ ዕብደት የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። በ1886 ኒው ዮርክ ላይ አንዲት የንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን የአበባ ማስቀመጫ፣ ኮክ የመሰለች ሮዝ፣ በ18 ሺህ ዶላር ስትሸጥ ጋዜጦች ተሳለቁ፤ የመስታወት ፋብሪካዎች ግን አስመስለው ሠርተው ቸበቸቧት። ዛሬ ባልቲሞር፣ ዋልተርስ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ደፍራችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከሥሩ የተጻፈውን የንጉሥ ስም ብቻ አትመኑ። የካንግሺ ዘመን ሠሪዎች ራሳቸው ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ የነገሠውን የሹዋንዴን ስም ይጽፉ ነበር፤ ለቀደምቶቻቸው ክብር ሲሉ። የዛሬዎቹ የሚጽፉት ለክብር አይደለም።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ክፍል 95 ውስጥ የሰር ፐርሲቫል ዴቪድ የቻይና ሸክላ ስብስብ አለ፤ 1,700 ገደማ ዕቃ። መግቢያው ነፃ ነው፤ መንካት ግን አይቻልም።