ጠሪ አክባሪ

(ፒያሳ፣ ጠባብ ማተሚያ ቤት። ጋሽ ወርቁ የመጨረሻ ልጃቸውን የሠርግ መጥሪያ ሊያሳትሙ መጥተዋል። ሙሉቀን ኮምፒውተሩ ላይ ነው።)

ጋሽ ወርቁ፦ ከላይ የእኔና የእናቷ ስም ይሁን። ከሥሩ «ጠሪ አክባሪ እህትና ወንድሞቿ» ብለህ ልጆቼን ከነማዕረጋቸው ደርድርልኝ። የጎረቤቴ ካርድ ላይ አንድ ዶክተር ነበረበት፤ ከእሱ አላንስም።

ሙሉቀን፦ እሺ ጋሼ፣ ይንገሩኝ።

ጋሽ ወርቁ፦ «ዶክተር ማርታ»። ሮማ ነው የተመረቀችው፣ ያውም በሦስት ዓመት! የቅጠል ጉንጉን ደፍተውላት «ዶቶሬሳ!» እያሉ ሲጨፍሩ በቪዲዮ አይቻለሁ።

ሙሉቀን፦ ምን አጥንታ?

ጋሽ ወርቁ፦ ቱሪዝም።

ሙሉቀን፦ ጋሼ፣ ጣሊያን አገር የሦስት ዓመቱን ላውሬያ የጨረሰ ሁሉ በሕግ ዶቶሬ ይባላል። እኛ የመጀመሪያ ዲግሪ የምንለው ነው። የእኛን ሦስተኛ ዲግሪ የሚስተካከለው «የምርምር ዶክተር» የሚሉት ሌላ ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ በሕግ ከሆነ አንተን ምን ቸገረህ?

ሙሉቀን፦ የጣሊያን ሕግ ነዋ። ሠርጉ ጎተራ ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ (ተክዘው) ይሁን፣ «ወይዘሮ» በላት። ኤልያስን ግን እንዳትነካብኝ። ኤድንብራ፣ ስኮትላንድ፣ በታሪክ። ወረቀቱ «ማስተር ኦፍ አርትስ» ይላል፤ በመነጽርም ያለ መነጽርም አንብቤዋለሁ።

ሙሉቀን፦ ሌላ ዲግሪ ይዞ ነው የሄደው?

ጋሽ ወርቁ፦ የት አባቱ! አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነው እንጂ። በአራት ዓመት፣ አንደኛውን ዘሎ ሁለተኛው ላይ ቁጭ አለ።

ሙሉቀን፦ አልዘለለም። የስኮትላንድ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እነ ኤድንብራ፣ ግላስጎው፣ አበርዲን፣ እንደ ታሪክ ባሉ የትምህርት ዓይነቶች የሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ራሱ ስሙ ማስተር ነው። ኦክስፎርድማ ይብሳል። እዚያ የአርትስ ባችለሩን ያገኘ ሰው፣ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ማስተሩን ይወስዳል። ፈተና የለ፣ ክፍል የለ።

ጋሽ ወርቁ፦ ምን ሠርቶ?

ሙሉቀን፦ ቆይቶ።

ጋሽ ወርቁ፦ በመቆየት ከሆነማ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው!

(ሙሉቀን ይህን ሁሉ ከየት አመጣው የሚል አንባቢ ካለ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቢዝነስ ካርድ ያተመ ልጅ ነው። አንድ ነጥብ ስቶ «ዶ/ር»ን ያበላሸ ቀን ምን እንደሚደርስበት ያውቃል።)

ሙሉቀን፦ ሙሽራውን ምን ልበለው?

ጋሽ ወርቁ፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) እሱን «ኢንጂነር» ብለህ እለፈው። ሽማግሌዎቹ መጥተው «ጀርመን፣ ድሬስደን፣ በዲፕሎም ተመርቋል» አሉን። ልጄ ዲግሪ ይዛ ለዲፕሎማ! እናቷ «ጠባዩ መልካም ነው» ብላ ለመነችኝ እንጂ እኔስ አልቆረጠልኝም ነበር።

ሙሉቀን፦ ዲፕሎም ነው ያሉት ወይስ ዲፕሎማ?

ጋሽ ወርቁ፦ የአንድ ፊደል ልዩነት ምን ያመጣል?

ሙሉቀን፦ ሦስት ዓመት ያመጣል። የእኛ የድሮው የኮሌጅ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት ነበር፤ የድሬስደን መሐንዲስ ዲፕሎም አምስት ዓመት ነው። እንደ ፈረንጅ በ1999 የ29 አገር ሰዎች ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ላይ ፈርመው አውሮፓ ወደ ባችለርና ማስተር ሲዞር፣ ጀርመኖችም አብዛኛውን ዲፕሎም ጣሉት። ድሬስደን ግን መሐንዲሶቹን ዛሬም በዲፕሎም ያስመርቃል። ደረጃው ከማስተር እኩል ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ (ከወንበራቸው ተነስተው) ሁለተኛ ዲግሪ ነው? እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ «ቡና ድገም» ብዬው አላውቅም!

ሙሉቀን፦ ከሠርጉ በፊት ይደርሳል። ግን ጋሼ፣ «ወንድሞቿ» ነው ያስጻፉኝ፤ የነገሩኝ አንድ ወንድም ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ ዳዊትን ተወው።

ሙሉቀን፦ ለምን?

ጋሽ ወርቁ፦ ለንደን ሐኪም ነበር። ዶክተር፣ ዶክተር ስንለው ኖረን አምና ደወለና «አባዬ፣ ከእንግዲህ ሚስተር ነኝ» አለኝ። ደግሞ እየሳቀ! ምን አጥፍቶ ማዕረጉን እንደገፈፉት ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እናቱ ስለት ተስላለች።

ሙሉቀን፦ ቀዶ ሐኪም ሆነ?

ጋሽ ወርቁ፦ እንዴት አወቅህ?

ሙሉቀን፦ እንግሊዝ አገር ሐኪም የሚመረቀው በባችለር ነው፤ ዶክተር የሚባለው በልማድ ነው። ቀዶ ሕክምናን መርጦ የሮያል ኮሌጁን ፈተና ያለፈ ደግሞ ዶክተሩን አውልቆ ሚስተር ይሆናል። ድሮ ቀዶ ሐኪሞቹ ከፀጉር አስተካካዮች ጋር አንድ ማኅበር ነበሩ። ሥራውን ከባለሙያ ሥር ሆነው ይለምዱት ነበር እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይገቡም ነበር፤ ስለዚህ ዶክተር የሚላቸው አልነበረም። በ1745 ከፀጉር አስተካካዮቹ ተለዩ፤ ሚስተሩን ግን አልጣሉትም። ዛሬ ይኮሩበታል።

ጋሽ ወርቁ፦ ሚስተር ከዶክተር ይበልጣል ነው የምትለኝ?

ሙሉቀን፦ እዚያ፣ ለእነሱ።

ጋሽ ወርቁ፦ በአማርኛ ሚስተር ምን ማለት ነው?

ሙሉቀን፦ አቶ።

(ዝምታ። የማተሚያው ማሽን ብቻ ይንኳኳል።)

ጋሽ ወርቁ፦ «አቶ ዳዊት ወርቁ» በልና ከሁሉም በላይ አስቀምጠው። አሁን የእኔን ስም አሳየኝ። እዚች ጋ፣ በወርቅ ቀለም አድርጋት።

ሙሉቀን፦ ሙሉ ስምዎን?

ጋሽ ወርቁ፦ «አቶ»ዋን ብቻ። የጠየቀህ ካለ፣ የለንደኑ ነው በለው።