ካልኩሌተሩ ቦሌን አያውቅም

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀት አስሊው ድረ ገጽ ይህን ለ900 ያካፍልና «13 ሰዓት» ብሎ ቁጭ! የዋህ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መቀመጡን ማን ይንገረው? አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን ጢም አድርጎ፣ መንገደኛውንና ሻንጣውን ጭኖ ለሚነሳ አውሮፕላን ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከፊት ነው። ሲመለስ ደለስ ዝቅ ያለ ስፍራ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሆነ ሳያርፍ ይመጣል። ከመሄድ ይልቅ መመለስ የሚቀለው በአየር ላይ ብቻ ነው መሰለኝ።

ድረ ገጹ የማያሰላው ሌላም አለ። ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ «ሦስት ኪሎ ይቀንሱ» ተብሎ፣ በርበሬው ይቅር ወይስ ድርቆሹ እየተባለ ቤተሰብ የሚመካከርበት ሰዓት። «ይቺን ብቻ ለእህቴ ልጅ አድርሺልኝ» ብለው አምስት ኪሎ ሽሮ ይዘው የሚመጡት እትዬ የሚፈጁት ሰዓት። ከሁሉ የሚረዝመው ግን ከኤምባሲው በር እስከ ቪዛው መስኮት ያለው ነው፤ ርቀቱ ጥቂት ሜትር፣ ጊዜው በወር የሚቆጠር።

እናም መንገደኛ ሆይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ዘመዶችዎ ይደውሉና የዶሮውን ሽንኩርት ገና እንዳይከትፉ ይንገሯቸው።