ድንቅነሽን ለመጎብኘት የማቀድ ባሕርይ፦ በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው ቶም ግሬይ በአፋር ሐዳር ሲዘዋወሩ የክንድ አጥንት ስባሪ መሬት ላይ አዩ። ቀጥሎ በተደረገው ለቀማ የአንዲት ሴት አጽም 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አካሄዷ በሁለት እግር ነው። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፣ እኛ ድንቅነሽ አልናት። ይህን የዓለም ሊቃውንት ሲመረምሩት ኖረዋል። እስከ ዛሬ ማንም ያልመረመረው የአዲስ አበባ ነዋሪ እርሷን ለማየት የሚያወጣውን ዕቅድ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ከአራት ኪሎ በእግሩ ለሚነሣ ሰው ላብ የሚያወጣ መንገድ አይደለም። የመግቢያ ዋጋውም ለዜጋ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው። ዋጋው ተወዶብኛል የሚሉ መላሾች ቢኖሩም ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ አያውቁትም። ስለዚህ ጥናቱ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው፦ ቢያንስ ከድንቅነሽ ዘመን ጀምሮ በሁለት እግሩ ሲሄድ የኖረ ፍጡር እርሷ ዘንድ ለመሄድ ምን አቃተው?

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው ከታክሲ ሰልፍ፣ ከቡና ዙሪያ፣ ከለቅሶ ድንኳንና ከሠርግ አዳራሽ ነው። «ሙዚየሙን ጎብኝተው ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አላውቅም» ብሎ የመለሰ ሰው አልተገኘም። መልሱ «ልሄድ ነው» የሚል ነበር። «መቼ?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ እንደ ስድብ ስለተቆጠረ ከመጠይቁ ወጥቷል።

በዚህ የተነሣ መላሾችን ጎብኝተው የሚያውቁና የማያውቁ ብሎ መክፈል አልተቻለም፤ የተመደቡት በዕቅዳቸው ዓይነት ነው። ውጤቱ በመቶኛ ያልቀረበውም አንዱ መላሽ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ነው።

የመላሾች ምደባ

ሀ. የተከተበው። ይህ መላሽ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ሳለ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሄዷል። ስለ ጉዞው ሲጠየቅ አውቶቡስ ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ የምሳ ዕቃው ፍርፍር ደብተሩ ላይ እንዴት እንደፈሰሰ፣ «መስታወቱን የነካ ወዮለት!» ያሉት መምህር ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር በዝርዝር ያስረዳል። ስለ ድንቅነሽ ሲጠየቅ «አጥንት ናት» ይላል። ጉብኝትን እንደ ክትባት ያየዋል፤ በልጅነት አንዴ ከተወጉት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ችግሩ፣ እርሱ ከተከተበ ወዲህ የድንቅነሽ ቤተሰብ ሰፍቷል። በ1993 ዓ.ም. የተመራማሪው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኘ፤ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት። ሰው «የሉሲ ልጅ» ይላታል። የኖረችው ግን ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ልጅቱ እናቲቱን በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትበልጣታለች። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲም በወጉ ለዓለም የተዋወቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የተከተበው መላሽ ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ አንዳንዶቹም አርዲ ስትባል የዘፋኝ ስም መስሏቸዋል።

ለ. እንግዳ ጠባቂው። ይህ መላሽ ብቻውን ወደ ሙዚየም መሄድን እንደ ነውር ይቆጥራል። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ሲመጣ ግን በአንድ ሌሊት አስጎብኚ ይሆናል። እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ሙዚየሙ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ያጣራ ሲሆን፣ አስጎብኚው በሩ በየት በኩል እንደሆነ ዘበኛውን ይጠይቃል። ከመስታወቱ ፊት ሲደርሱ እንግዳው «ዋናዋ ናት?» ይላል። «ታዲያስ!» ይላል አስጎብኚው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም ተቆልፎ ይቀመጣል። እንግዳው ጽሑፉን አንብቦ ለዝምድናው ሲል ዝም ይላል። አስጎብኚው በበኩሉ አጽሙን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ «ይችን ታህል ናት እንዴ?» ብሎ ቅር ይለዋል። ይህ ቅሬታ የስፍራው ብቸኛ ሳይንሳዊ ምልከታ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሐ. ተሟጋቹ። ይህ ምድብ ሙዚየሙን ካለማየቱ በላይ የሚታወቀው በድምፁ ከፍታ ነው። ስለ ሰው ዘር መገኛ ከኬንያዊ ወይም ከታንዛኒያዊ ጋር ሲከራከር የሚያቆመው የለም። በቻድ የተገኘው ቱማይ የተባለው ቅሪተ አካል ወደ 7 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል ሲሉት «እርሱ የዝንጀሮ ነው» ይላል። በዚህ የሚስማሙ ሊቃውንት አሉ፤ እነርሱ ግን አስቀድመው ማስረጃውን መርምረዋል።

ድንቅነሽና ሰላም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ፕራግ ሄደው በቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ ሲቀርቡ፣ ተሟጋቹ «እኛ እንኳ ሳናያት!» ብሎ ተቆጥቷል። ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. ወደ ሂውስተን ስትሄድም የተናገረው ይህንኑ ነው። በመካከሉ፣ ከ2005 እስከ 2017 ዓ.ም. አገሯ ውስጥ ነበረች። ዋናው አጽም ቢቆለፍበትም ቅጂው ክፍት እንደነበር ሲነገረው ቅጂ እንደማያይ አስታውቋል። ዋናውንም አላየም።

የዕቅዱን ዕድሜ ስለ መለካት

የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው አጥንቷ ራሱ ተለክቶ አይደለም፤ ሐዳር ላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ዘዴ ተመርምሮ ነው። ይኸው ዘዴ እዚህም ሠርቷል። የጉብኝት ዕቅድ የራሱ ቀን የለውም፤ ዕድሜው የሚታወቀው ከላይና ከታች ከተነጠፉት በዓላት ነው።

የታችኛው ንጣፍ «ክረምቱ ይውጣ» ይባላል። ከበላዩ «መስቀል ይለፍ» አለ፤ ዩኒፎርምና ደብተር የሚገዛው በዚሁ ወር ስለሆነ ንጣፉ ወፍራም ነው። ጥቅምትና ኅዳር ትልቅ በዓል ስለሌለባቸው ዕቅዱ ሊፈጸም የሚችልባቸው ወራት ይመስላሉ፤ ነገር ግን መላሾች በዓል በሌለበት ወር ከቤት የሚወጡበት ምክንያት አልታያቸውም። ቀጥሎ «ገና ይለፍ»፣ «ጥምቀት ይለፍ»፣ ከዚያም የጥር ሠርግ ተደራርበው ይገኛሉ። ሁዳዴ ሲገባ በባዶ ሆድ ሙዚየም አይዞርም። ፋሲካ ሲውል በሙሉ ሆድ አይዞርም። ከፋሲካ በኋላ የልጆች ፈተና ይደርሳል። ፈተናው ሲያልቅ ሰማዩ ይጠቁርና ተመልሶ «ክረምቱ ይውጣ» ይሆናል።

በሙስሊም መላሾች ዘንድ «ረመዳን ይውጣ» እና «ዒድ ይለፍ» የተባሉ ንጣፎች ተገኝተዋል። እነዚህ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚመጡ ለጥናት አስቸጋሪ፣ ለሰበብ ግን እጅግ ምቹ ናቸው። በሁለቱም ወገን ካሉት ንጣፎች መካከል አልፎ አልፎ ባዶ እሁድ ብቅ ይላል። ሲመረመር ዕድር ወይም ዕቁብ ሆኖ ይገኛል።

ንጽጽር፦ ያቀደና ያላቀደ

በአንጻሩ ድንቅነሽ አንድም ዕቅድ ስታወጣ አልታየችም። ሆኖም ሂውስተንን፣ ሲያትልን፣ ኒው ዮርክንና ፕራግን አይታለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ ሲመጡ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ድረስ ተወስዳ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እያስረዷቸው ዋናውን አጥንት በእጃቸው ነክተዋል። ከመላሾቹ አንዱ ይህን እንደሰማ ዕቅዱን አሻሽሏል፤ ወደ እርሱ እስክትመጣ ይጠብቃል።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ስብራቶቿን መርምረው ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሳትሞት አትቀርም አሉ። ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላም በአፈር ውስጥ ይደርሳል ብለው ተከራከሩ። የእኛ መላሾች ግን ወዲያው ተቀበሉት። ሳያቅድ የተነሣ መጨረሻው ይኸው ነው ሲሉ ለራሳቸው አቋም ማስረጃ አድርገውታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግኝት ከሰማይ የመጣ ነው። ናሳ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሉሲ የተባለች መንኮራኩር አመጠቀ፤ ስሟን ያገኘችው ከዚችው አጽም ነው። መንኮራኩሯ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከማርስ ባሻገር ድንቅነሽ የተባለ ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ ደረሰች፤ በ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት እያለፈች ፎቶ አነሣችው። በፎቶው ላይ አስትሮይዱን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ ስለታየች ሰላም ተብላለች። በአጭሩ ሉሲ ድንቅነሽን ጎብኝታ፣ ሰላምንም አግኝታ አልፋለች። የፈጀባት ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በዚሁ ሁለት ዓመት አንድ የመገናኛ ሰፈር መላሽ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። መንኮራኩሯ ስትነሣም ስትደርስም ጥቅምት እንደነበር ልብ ይሏል።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ አንድ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሙዚየሙን የማይጎበኘው ዕቅድ አጥቶ አይደለም፤ ዕቅዱ ራሱ ጉብኝቱን ስለሚተካለት ነው። «ልሄድ ነው» ያለ ሰው የሄደ ያህል ይረካል፤ የሄደ ያህል ይኮራል፤ ስለ አጽሙም ከሄደው ሰው ይበልጥ ረጅም ንግግር ያደርጋል።

ስለዚህ የሚከተለው ምክር ቀርቧል። ዕቅድ ያላችሁ ዕቅዳችሁን ተዉት። እንግዳ የምትጠብቁ ልጆቻችሁን እንግዳ አድርጋችሁ ውሰዱ። የተከተባችሁ ሰላምንና አርዲን ገና አላያችሁምና ክትባቱን አድሱ። ተሟጋቾች ክርክሩን አታቋርጡ፤ ግን አንድ ጊዜ አይታችሁ ተከራከሩ። አንባቢም በሚቀጥለው ጊዜ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በታክሲ ሲያልፉ አምስት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ!» ይበሉ።