የ1984ቱ ዋንጫ ጡረተኞች

የዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነባር ደጋፊ ትዕግሥቱን ከኢዮብ ተበድሮ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ1984 ቡድኑ የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ ወስዷል። አሠልጣኙ ጆን ቶምሰን ነጭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግዙፉ ፓትሪክ ዩዊንግ ከቅርጫቱ ሥር ተገትሮ፣ ተጋጣሚ የሚንቀጠቀጥበት ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ያንን በመተረክ አልፏል።

በ2017 ያው ዩዊንግ አሠልጣኝ ሆኖ ሲመለስ፣ ደጋፊው «ክብራችን ተመለሰ» አለ። በ2021 ቡድኑ የሊጉን (የቢግ ኢስትን) የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ሲያነሣማ ማን ይቻለው! በቀጣዩ የውድድር ዘመን በሊጉ 19 ጊዜ ተጫውቶ 19 ጊዜ ተሸነፈ። አንድም ቀን አልተሳሳተም። የሊግ ሽንፈቱ ሳይቋረጥ 29 ሲደርስ ደግሞ የቢግ ኢስት ክብረ ወሰን ሆነ፤ ዋንጫ የለመደ ቤት መቼም አንደኝነት አያጣም።

በ2023 ዩዊንግ ተሰናበተና አሠልጣኝ ኤድ ኩሊ ከፕሮቪደንስ ኮሌጅ በምትኩ መጣ። ዩዊንግ በመጨረሻ ዓመቱ በሊጉ 2 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ኩሊም በመጀመሪያ ዓመቱ 2 አሸነፈ። (ወግ የሚያከብር ቡድን ነው።)

ደጋፊው ዛሬም «የሚቀጥለው ዓመት የእኛ ነው» ይላል፤ ድምፁ ብቻ ቀንሷል። ቡድኑ የሚጫወትበት መሃል ከተማ ያለው አዳራሽ 20 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ዘግይታችሁ ብትደርሱም እግር መዘርጊያ አታጡም።