በረሃውን በይሉኝታ የመሻገር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከሚወዳቸው ጓደኞቹ ጋር ወደ ቦሊቪያ ከፍተኛ በረሃ ወጥቶ ጉዞውን ማበላሸት ለሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እኛ ስድስታችንም ይህን አልፈለግንም። ነገር ግን ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አድርገነዋል፤ አንድ ወዳጃችንንም ልናጣው ነበር። ስለዚህ ስሕተቱን በሠራንበት ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ ሊሄድ ያሰበ ሰው የት ላይ መቆም እንዳለበት ያይበት።

መጀመሪያ «በረሃ» የሚለውን ቃል እመኑ። በእኛ ቋንቋ ሰው ወደ በረሃ ይወርዳል እንጂ ይወጣል አይባልም። የጨው ሜዳ ሲባልም ቶሎ የሚታየን አፋር ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ አየሩ ፊት የሚለበልብ፣ ግመሎች ጨው ተጭነው የሚወጡበት ምድር። የኡዩኒ ጨው ሜዳ ግን የተዘረጋው በ3,656 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ራስ ከ400 ሜትር በላይ ይበልጣል። ስፋቱ ከ10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚብስበት ሌሊት አለ። እኛ የሄድነው በሐምሌ ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ የያዙት ስስ ጃኬትና የበጋ ጫማ ነበር። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከላይም ከታችም ትመጣለች፤ ነጩ ጨው ጨረሩን መልሶ ወደ ላይ ስለሚልከው አገጭ ሥርና አፍንጫ ውስጥ ሳይቀር ቆዳ ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን ደጋ በረሃ የምንጠራበት አንድ ቃል የለንም። ለዚህ ይመስለኛል ስንዘጋጅ በዓይነ ልቡናችን ያየነው ሌላ አገር የሆነው።

ቀጥሎ መንገዱን ከተሳሳተው ጫፍ ጀምሩ። ይህን ጉዞ በሁለት በኩል መጀመር ይቻላል። አንዱ ከቦሊቪያዋ ኡዩኒ ከተማ ተነስቶ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ሌላው ከቺሊዋ ሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ተነስቶ ወደ ሰሜን መውጣት ነው። ሳን ፔድሮ ያለችው በ2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ከዚያ ግን መኪናው አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ይነዳና ሂቶ ካሆን የሚባለው ድንበር ላይ 4,480 ሜትር ያደርሳችኋል። በዚያው ቀን ሊካንካቡር እሳተ ገሞራ ሥር ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አይታችሁ፣ ሶል ዴ ማኛና የተባለውን የሚፈላ ጭቃና እንፋሎት ቦታ ወደ 4,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ተሻግራችሁ፣ ማታ ቀዩ ሐይቅ ላጉና ኮሎራዳ አጠገብ 4,300 ሜትር ላይ ትተኛላችሁ። በአንድ ቀን ውስጥ የመኝታ ከፍታችሁ ወደ 1,900 ሜትር ጨመረ ማለት ነው። የከፍታ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፉ ነው። እኛ ይህን አንብበነዋል። ከሳን ፔድሮ የጀመርነው የአውሮፕላን ትኬቱ በዚያ በኩል ስለረከሰና «ለሁለት ቀን ልዩነት ምን ይሆናል» ስለተባባልን ነው። መጀመሪያ ሱክሬ ወይም ላ ፓዝ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከኡዩኒ ጀምሮ፣ ከፍተኛውን ሌሊት ወደ መጨረሻ ማድረግ ይቻል ነበር።

አሁን ስለ ደጋ ልጅነት። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ከስድስታችን ሁለቱ ከዋሽንግተን፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከቴል አቪቭ፣ አንዱ ከዱባይ መጥተው ነበር። የዱባዩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። «እኔ ውርጭ ላይ ያደግሁ፣ ለእኔ ተራራ ብርቅ ነው?» ይል ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን እንሰማዋለን። ከዋሽንግተን የመጣው አንዱ ደግሞ ጥናት ጠቀሰ። ጥናቱ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ የደማቸው ሂሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠኑ ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አገኙት። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው በሂሞግሎቢን ይወፍራል፣ የቲቤት ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ አምባራሶች ግን ከሁለቱም የተለየ ሌላ መንገድ ታየባቸው። የሚያኮራ ነገር ነው፤ እኔም ኮርቻለሁ። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው እዚያው ተወልደው እዚያው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ዳርቻ ላይ፣ አየር ማቀዝቀዣ ሥር ስለኖረ ሰው አንድም ቃል የለውም። ሰውነት ከፍታን የለመደበትን ለውጥ ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። የደብረ ብርሃኑ ልጅ አገሩን አልረሳም፤ ሰውነቱ ግን የዱባይ ሆኗል። እኛ ይህን ልንነግረው ሲገባ አጨበጨብንለት። ወንድምን በማሞገስ ማስታመም እንደማይቻል ያኔ አልገባንም።

ከዚያ ሲያማችሁ ደብቁ።

ሾፌራችን በየቆምንበት ሁለት ነገር ያደርግ ነበር። በጣቱ እየጠቆመ ስድስት መሆናችንን ይቆጥራል፤ ከዚያ ራሱን በእጁ ይዞ «ራስ ምታት?» ብሎ እያንዳንዳችንን ይጠይቃል። ዋሽንግተን ውስጥ በሥራዋ ስፓኒሽ የለመደችው ጓደኛችን ትተረጉምልን ነበር። መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ደህና፣ ደህና፣ ደህና። እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ለሚለው የሚመለሰው መልስ ገና ሰውነትን ሳንጠይቅ ከአፋችን ይወጣል። ለቅሶ ቤት ያለ ሰው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ባህል አገር ቤት ብዙ ሰው ያቆመ፣ የምወደው ባህል ነው። በ4,300 ሜትር ላይ ግን ሾፌሩ የጠየቀን ሰላምታ አልነበረም። እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ እሱም ይህን እያወቀ ነው የሚጠይቀን።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፦ እነዚህ የከፍታ ሕመም መጀመሪያዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ውሃ ጠጥቶ፣ አርፎ፣ ሽቅብ ሳይቀጥሉ ያልፋሉ። ሰው እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ ወይም ንግግሩ ሲምታታበት ግን አንጎል እያበጠ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ ሲያጥረውና ሲያስለው ደግሞ ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ። የሁለቱም ዋና መድኃኒት ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። እዚያ ምድር ላይ ደግሞ ሆስፒታል ቅርብ አይደለም፤ ስልክም በብዙው መንገድ አይሠራም። ለከፍታ የሚሰጠውን አሴታዞላማይድ የሚባለውን ክኒን አስቀድሞ ሐኪም አማክሮ መያዝ ይቻላል፤ ከእኛ አንዷ ብቻ ይዛ ነበር።

ማታ ደግሞ ደስታችሁን በመጠጥ አድምቁት። እኛ እንዲህ አደረግን። ማደሪያው አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ ስድስት አልጋ፣ ማሞቂያ የለም፣ መብራት የሚኖረው ለጥቂት ሰዓት ብቻ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ቡና ይዛ ነበርና በጋዝ ምድጃው አፈላችልን። በዚያ ከፍታ ውሃ በ86 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቡናው ቶሎ ገነፈለ፤ ጣዕሙ ግን ሳሳ። ወይኑ ከዚያ በኋላ መጣ። አልኮልም የእንቅልፍ ክኒንም በእንቅልፍ ላይ ያለን ትንፋሽ ይጫናሉ፤ ትንፋሽ ባጠረበት ቦታ ደግሞ ሰው ሊያጣው የማይገባው እሱን ነው። የደብረ ብርሃኑ ወዳጃችን ብርጭቆውን ያነሳው ራሱን እያመመው እንደነበረ ኋላ ነገረን። «ሁላችሁም ስትጫወቱ ጨዋታ ማበላሸት ከበደኝ» አለ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ወጥቶ አስመለሰው። አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። «ምነው?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ ምግቡ ነው፤ ተኛ ወንድሜ» አለኝ። ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ መተኛቴ ነው።

በነጋታው ሾፌሩ ሊቆጥረን ሲመጣ አምስት ላይ ቆመ። ወዳጃችን በሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ምንም አልጠየቀውም። መሬት ላይ በጫማው መስመር አሰመረና ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በመስመሩ ላይ እንዲራመድ በምልክት አሳየው። አልቻለም። ሾፌሩ ከመኪናው የኦክስጅን ጠርሙሱን አውጥቶ ጭምብሉን አጠለቀለትና ሌላውን ሁሉ ትቶ ዝቅ ወዳለው ወደ ኡዩኒ ነዳ። በዚያ መንገድ ላይ ማንም አልተናገረም። የቴል አቪቯ ጓደኛችን ጭንቅላቱን ደግፋ ይዛ፣ በየጥቂቱ ስሙንና የእናቱን ስም ትጠይቀው ነበር፤ መልሱ በተስተካከለ ቁጥር ሁላችንም እንተነፍሳለን።

ያ የኦክስጅን ጠርሙስ መኪናው ላይ የተገኘው በእኛ ብልህነት አይደለም። እኛ በጣም ርካሹን ዋጋ ፈልገን፣ ከርካሹም ላይ ተከራክረን ነበር። ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ደህንነት ቀበቶ፣ ሾፌሩ ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ ነውር መሰለን። እዚያ ሾፌር ነጂም፣ መካኒክም፣ ብዙ ጊዜ ምግብ አብሳይም ነው፤ ንጋት ላይ ይነሳል፣ ማታም የመኪናው ሥር ገብቶ ይታያል። ጨው ሜዳው ላይ ደግሞ ምንም የሚያግድ የለም ብሎ የሚፈጥን አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ነጭ ሜዳ ላይ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው 13 ሰዎች ሞተዋል። ያን ያህል ስፋት ባለው ቦታ። ሾፌርን «ደክሞሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እሱን ማክበር እንጂ መድፈር አይደለም፤ ዋጋውን እስከ አጥንት መፋቅ ነው ነውሩ።

ጥቂት ትናንሽ ስሕተቶችም አሉ። ጥሬ ገንዘብ አትያዙ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል የገንዘብ ማውጫ ማሽን ስለሌለ፣ የኤዱዋርዶ አቫሮአ ጥብቅ ክልል መግቢያን፣ በእኛ ጊዜ ለአንድ ሰው 150 ቦሊቪያኖ፣ አንዱ ለሁሉም ይከፍልና በይሉኝታ ዝም ይላል። የአንዱን ፓስፖርት ሕግ ለሁሉም አድርጉ፤ በ4,480 ሜትር ያለ የድንበር ኬላ ቪዛ የሚለመንበት ቦታ አይደለም። የከፍታ መድኃኒት ነው ተብሎ የተሰጣችሁን የኮካ ቅጠል በሻንጣ አስቀሩ፤ ቦሊቪያ ውስጥ እንደ ሻይ የሚጠጣው ቅጠል ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሲደርስ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ነው።

ቀዩ ሐይቅ ዳር ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ ወደ ፍላሚንጎዎቹ ሩጡ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እዚያ ሦስት ዓይነት ፍላሚንጎ ይመገባል፤ አንዱ የጄምስ ፍላሚንጎ የሚባለው ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደገና የተገኘ ነው። ውሃውን የሚያቀላው አልጌ ነው፤ ወፎቹም ከእንዲህ ያለ ምግብ ነው ቀለማቸውን የሚያገኙት። በዚያ ብርድ ውስጥ አንድ ወፍ ሲነሳ የሚያወጣው ጉልበት ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የለቀመው ነው። ፎቶው ጥሩ ወጥቶልኛል፤ ለማንም አላሳየሁትም።

ኡዩኒ ስንደርስ ወዳጃችንን ሐኪም አየው። ሁለት ቀን አረፍን። በሦስተኛው ቀን ከሐኪሙ ተመክረን፣ ያው ሾፌር ገና ሳይነጋ ወደ ጨው ሜዳው ይዞን ገባ። ፀሐይ ስትወጣ ጨው ላይ ያሉት ባለ ስድስት ማዕዘን መስመሮች መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆኑ። እንደ ደሴት ከሜዳው መሐል የምትነሳው ኢንካዋሲ ደረስን፤ ሰውን ሁለት ጊዜ የሚበልጥ ቁመት ያላቸው ቁልቋሎች የሞሉባት ኮረብታ ናት። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋሉ ይባላል። ዱካውን ይዘን መውጣት ጀመርን። መንገዱ እኩሌታ ላይ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ቆመ።

«እኔ እዚህ ይበቃኛል» አለ፤ «ራሴን ጀምሮኛል።»

ማንም «አይዞህ፣ ትንሽ ናት» አላለውም። የቴል አቪቯ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እኔንም ከጠዋት ጀምሮ ያመኛል» አለች ስፓኒሽ ተርጓሚያችን፤ እሷም ተቀመጠች። ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን። ታች፣ ከመኪናው ጎን፣ ሾፌሩ ለቁርስ ውሃ ጥዶ ነበር። ቀና ብሎ አየንና ጣቱን አነሳ። ከላይ ሆነን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየን ነበር፤ ስድስት እስኪደርስ አብረነው ቆጠርን።