ሳይቀላ ያለቀ ቡና

ክሬዲት ካርድ ሺሺንዳ አልደረሰም እያሉ የሚያዝኑልን አሉ። ምን ሊያደርግልን? እኛ ልጆች አሉን። ፈረንጅ ለመበደር ካርዱን ማሽን ውስጥ መክተት፣ የምስጢር ቁጥር መነካካት አለበት። የእኛው ካርድ በገዛ እግሩ ሱቅ ሮጦ «ጋሼ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይስጡኝ፤ አባዬ ይመዝገብ ብሏል» ይላል። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቆረጠ ብሎ ነገር የለም።

ትምህርቱም የዋዛ አይደለም። ልጁ ፊደል ሳይለይ የባለሱቁን ደብተር ይለያል፤ የአባቱ ስም የቱ ገጽ ላይ እንዳለ በጣቱ ያሳያል። የራሱ ደብተር ገና አልተገዛም፤ ግድ የለም፣ እሱም በዱቤ ይመጣል።

ዋናው ትምህርት የሚሰጠው ግን በክረምት ነው። ቡናው ገና አረንጓዴ፣ እጅም ባዶ በሆነበት ሰዓት ነጋዴ ብር ይዞ ከች ይላል፤ ብሩ ዛሬ፣ እሸቱ ሲደርስ። አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይቀበላል፣ ሒሳብ እንዲለምድ። በነሐሴ 1,000 ብር ወስዶ በኅዳር 1,500 ብር የሚያወጣ እሸት ያስረከበ ሰው በሦስት ወር 50 በመቶ ከፈለ፤ በዓመት 200 መሆኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር ወለድ ከ12 በመቶ በላይ መዋዋልን ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። ነጋዴው ግን ቡና ገዛ እንጂ መቼ አበደረ! ቦንጋ ያለው የገበሬዎች ዩኒየን የሚፈልገው የቀላ ቡና ነው፤ የእኛ ሳይቀላ አልቋል። ኅዳር ሲደርስ ልጁ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ከገዛ ጓሮው የሰው ቡና ይለቅማል።

ለመድኃኒት የተበደረውን አልነካም። እኔ የማደንቀው መስቀል በመጣ ቁጥር ከጎረቤት ላለማነስ የሚያርደውን ነው። ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የበሬ እቁብ መጣል ይቻል ነበር፤ ግን እሱ ልጅን ምን ያስተምረዋል? መታገሥን! በዚህ ዘመን!

ለዘመኑማ ስልኩ አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ሦስት አገልግሎት አወጣ። ሁለቱን፣ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን ብድሮች፣ ልጆቻችን ከአባታቸው ጣት ፈጥነው ይከፍቷቸዋል። ሦስተኛው፣ «ሳንዱቅ» የሚባለው፣ የቁጠባ ነው አሉ። ለሌላ አገር ሰው የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

ፍሬው መታየት ጀምሯል። በለቀማ ወቅት ሕፃናት ከዛፍ ሥር የረገፈውን ቡና ለራሳቸው ይሰበስባሉ፣ ለእስክርቢቶ። አንዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የመጪውን ዓመት ልቃሚ ከወዲሁ ለጓደኛው ሸጦ ኳስ ገዛ። አባትየው ዋጋውን ሲሰማ ጦፈ።

«ምነው ሳታማክረኝ! የእኔ ነጋዴ እኮ ከዚህ የተሻለ ይሰጥህ ነበር።»